የግድቡን በር ማን፣ መቼ ይከፍታል?
የአዋሽ ተፋሰስ ጎርፍና የመንግሥት መሐንዲሶች ኃላፊነት



የዛሬው ንግግሬ ስለ ውሃ ነው። ስለ ውሃ እጥረት ብዙ ተነግሯል፤ እኔ የማነሳው ብዛቱን ነው። በየዓመቱ ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ እንሰማለን፤ ግድቡ ስለሞላ በሩ ሊከፈት ነውና በታችኛው ተፋሰስ የምትኖሩ ተጠንቀቁ ይላል። ከተሜው ሰምቶ ያልፈዋል። ወንዝ ዳር ያለው ገበሬና አርብቶ አደር ግን ከብቱን ወዴት ያሽሽ? ልጆቹን በየት ያሻግር? ማስታወቂያውስ ደርሶታል? ከደረሰውስ ውሃው ከመምጣቱ ስንት ሰዓት ቀድሞ ነው?

በሩ እንዲከፈት የሚያዝ ሰው አለ። የውሃውን ከፍታ የሚለካ፣ የሚመጣውን የሚያሰላ፣ የሚወጣውን የሚወስን መሐንዲስ አለ። ከደሞዙ እስከ ሥልጣኑ ከሕዝብ የተሰጠው ስለሆነ የሕዝብ መሐንዲስ ልንለው እንችላለን። ስለ ሥራው የምናውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ፤ ግድብ ጎርፍን አያስቀርም። ትናንት የዝናብና የተራራ ጉዳይ ብቻ የነበረው ጎርፍ፣ ግድብ ከተሠራ በኋላ የሰው ውሳኔ ያለበት ጉዳይ ይሆናል። የሰው ውሳኔ ካለበት ደግሞ የተጻፈ ደንብ፣ የታወቀ ኃላፊና በጊዜ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ግድ ነው። ለዚህ ከአዋሽ የተሻለ አስተማሪ በአገራችን የለም።

ወንዙ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ በመልካ ቁንጥሬና በሆምቦሌ በኩል ቆቃ ይገባል። ከቆቃ ወጥቶ ወንጂንና መተሐራን ካለፈ በኋላ ወደ አፋር ይወርዳል። አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን አጠጥቶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ያልቃል። ተፋሰሱ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ኦሮሚያን፣ አማራን፣ አፋርንና ሶማሌን እንዲሁም አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ይነካል።

ይህ አቀማመጥ ስለ ጎርፉ ብዙ ይነግረናል። ዝናቡ በአብዛኛው የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው የሚተኛው ቆላው ላይ ነው። አፋር ሜዳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ወንዙ ከዳርቻው ሊወጣ ይችላል። አሚባራ ያለው አርብቶ አደር ደመና አይቶ ጎርፍ ይመጣል ሊል አይችልም፤ የሚጎዳው ዝናብ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከቀናት በፊት የጣለ ነውና። ስለዚህ የታችኛው ተፋሰስ ሰው ደኅንነት በላይኛው ተፋሰስ ሰው መረጃ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ውሃዎችን አስተዳደር ለፌዴራል መንግሥት የሰጠውም ይህን ዓይነቱን ትስስር አንድ ክልል ብቻውን ሊይዘው ስለማይችል ነው።

ግድቦቹ እንዴት መጡ

በአዋሽ ተፋሰስ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ግድብ አባ ሳሙኤል ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በሚገናኙበት ከአዲስ አበባ በታች ተሠርቶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎችም አንዱ ነው። ቀጥሎ የመጣው ቆቃ ነው። ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ፤ 43 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫል። ከእሱ የሚወጣውን ውሃ እየተጠቀሙ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተከተሉት፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው።

ቆቃ መብራት ብቻ አላመጣም። ወንዙ በበጋም እንዳይቀንስ አደረገ። በ1946 ዓ.ም. ማምረት በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ የሸንኮራ አገዳው እርሻ ሰፋ፤ መተሐራ ተከተለ፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይን የሚያይ መሥሪያ ቤት ለማቋቋም ያኔ የተደረገው ሙከራ አርቆ ማሰብ ነበር። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ብዙ ጊዜ ስም፣ ቅርጽና ተጠሪነት ተቀያይሮበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአዋሽ ተፋሰስ ባለ ሥልጣን በሚል ተቋቋመ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሥራው ወደ አገር አቀፍ የተፋሰስ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በቅርቡ ዘመን ከሰም ግድብ፣ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል፣ እና ሎጊያ አጠገብ ያለው ተንዳሆ ግድብ፣ ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የማያንስ፣ ተጨመሩ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንድ ምክንያት ነው። እነዚህ ግድቦች ሲታሰቡ መብራት፣ ስኳር፣ ጥጥና መስኖ ነበር ዋናው ዓላማ። ጎርፍ መከላከል በሁለተኛ ደረጃ የመጣ ጥቅም ነው። መሐንዲሱ የሚጨነቅበት ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል።

ባዶም ሙሉም መሆን ያለበት

ግድብ ለመብራትና ለመስኖ ሲሆን እንደ ጎተራ ነው፤ ክረምቱ ሲያልቅ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት፤ አለበለዚያ በጋው ረሃብ ነው። ለጎርፍ ሲሆን ግን ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ቦታ ከሌለው የሚመጣውን ሙላት መያዝ አይችልም። አንድ ሰው አንዱን ዕቃ በአንድ ጊዜ ባዶም ሙሉም ሊያደርገው አይችልም። መሐንዲሱ የሚያደርገው በየወሩ፣ በክረምትም በየቀኑ፣ ስንቱን ባዶ ልተው፣ ስንቱን ልሙላ ብሎ መመዘን ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። ለምሳሌ ያህል በክረምት ከላይ በሰከንድ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ግድቡ ሐይቅ ይገባል እንበል። ወደ ታች ደግሞ ሰው ሳይጎዳ 200 ሜትር ኩብ ብቻ መልቀቅ ይቻላል እንበል። ልዩነቱ በሰከንድ 300 ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለ፤ ስለዚህ በየቀኑ 26 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ይጠራቀማል። የቀረው ባዶ ቦታ 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከሆነ አራት ቀን ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ምርጫ የለውም፤ የገባውን ሁሉ መልቀቅ ነው። ግድቡ ላይ ውሃ እንዲዘል ከተደረገ ግድቡ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ግድብ ሲፈርስ ደግሞ የሚመጣው ውሃ የዓመቱ ጎርፍ ብቻ አይሆንም፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ነው የሚወርደው።

ስለዚህ ጥሩ መሐንዲስ በሩን ቀድሞ፣ በጥቂቱ ይከፍታል። በሐምሌ አጋማሽ ትንሽ ትንሽ መልቀቅ በነሐሴ መጨረሻ በአንዴ ከመልቀቅ ይሻላል። ቀድሞ የለቀቀ ሰው ግን ሁለት ወቀሳ ይጠብቀዋል። ዝናቡ ቶሎ ካቆመ በጥር «ውሃችንን ለምን አፈሰስክብን?» ይባላል። ሳይለቅ ቆይቶ ዝናቡ ከበረታ ደግሞ «ለምን ቀድመህ አልለቀቅክም?» ይባላል። በሁለቱ መካከል ሊያድነው የሚችለው ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው መረጃ፣ ሁለተኛው የተጻፈ ደንብ።

መረጃው ከየት ይመጣል? ከወንዝ ዳር ከቆመ የከፍታ መለኪያ ይጀምራል። በብዙ ጣቢያዎች አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ የውሃውን ከፍታ አንብቦ በመዝገብ ይጽፋል። መሐንዲሶች ከፍታውን ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ ይለውጡታል። መልካ ቁንጥሬ፣ ሆምቦሌና ሞጆ ላይ የሚነበበው ቁጥር ለቆቃ ዓይኑ ነው። ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመጣው የዝናብ ትንበያ ደግሞ ገና ወንዝ ያልደረሰውን ውሃ አስቀድሞ ያሳያል። ጠዋትና ማታ መለኪያውን የሚያነበው ሰው አንድ ቀን ከቀረ፣ ወይም መለኪያው በጎርፍ ተወስዶ ሳይተከል ከቆየ፣ ቆቃ ያለው መሐንዲስ በጨለማ ይወስናል። ይህ ሰው የሚያገኘው ክፍያ ትንሽ ነው፤ የሚጠብቀው ሕይወት ግን ብዙ ነው። በጀት ሲቀነስ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጠው የእሱ ድርሻ እንዳይሆን አጥብቄ አሳስባለሁ።

ደለል የወሰደው ቦታ

ከውሃው ጋር አፈር ይመጣል። በአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ ተዳፋት መሬት ታርሶ፣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ቆቃ ይገባል። ወራጁ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ሲረጋ አፈሩ ወደ ታች ይቀመጣል። ቆቃ ከተሠራ በኋላ ከመጀመሪያው መያዣ አቅሙ ከሩብ በላይ በደለል ተወስዷል። አባ ሳሙኤል የደረሰበት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ደለልና ችላ መባል ተደርበውበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማመንጨት አቆመ፤ ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

የመብራት ሰው ደለልን ሲያይ የጠፋ ኪሎ ዋት ያያል። እኔ ደግሞ ለጎርፍ የነበረውን ባዶ ቦታ መጥፋት እንድታዩ እለምናለሁ። የመሐንዲሱ ሒሳብ ውስጥ የነበረው 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በደለል ተሞልቶ 50 ከሆነ፣ አራቱ ቀን ሁለት ይሆናል። አሚባራ ያለ ሰው ቤቱን ለመልቀቅ የነበረው ጊዜ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሆለታና ቱሉ ቦሎ አካባቢ እርከን የሚሠራው ገበሬ የአፋርን ሰው ከጎርፍ እየጠበቀ ነው። ይህን ያወቀ አገር ለእርከኑ የሚከፍለውን ገንዘብ ለጎርፍ መከላከያ እንዳወጣው ይቆጥረዋል፤ መቁጠርም አለበት።

የ2012 ክረምት

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከተለመደው በላይ ከበደ። ቆቃ፣ ከሰምና ተንዳሆ ሞሉ። በነሐሴና በጳጉሜን አካባቢ ከግድቦቹ የተለቀቀው ውሃ ከወንዙ የራሱ ሙላት ጋር ተጨምሮ በአፋር ሰፊ ቦታን አጥለቀለቀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ሰብልና ከብት ጠፋ፤ መንገድ ተቆረጠ። ሦስት ትልልቅ ግድቦች ያሉት ወንዝ እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ቢባል መልሱን ቀደም ብለን አስልተነዋል፤ ሁሉም አንድ ሰሞን ሲሞሉ ሁሉም አንድ ሰሞን ይለቃሉ። አንዱ ግድብ ለብቻው ትክክለኛ ውሳኔ ቢወስን እንኳ፣ ሦስቱ ሳይነጋገሩ ከለቀቁ ውሃዎቹ ከታች ይገናኛሉ። ከቆቃ የወጣ ውሃ መካከለኛው አዋሽ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል፤ ከሰም ግን ወንዙን ራሱ አፋር ውስጥ ነው የሚቀላቀለው። የከሰም መሐንዲስ የቆቃ ውሃ በምን ቀን እንደሚያልፍ ካላወቀ፣ በሩን የሚከፍትበት ቀን ከቆቃው ሙላት ጫፍ ጋር ሊገጥም ይችላል። አንዱ ሌላውን እስኪያልፍ መጠበቅ የሚችል ግን ጫፉን ይቆርጠዋል።

በቆቃ ስም የሚወቀስ ሠራተኛ፣ በከሰም ስም የሚወቀስ ሠራተኛ መፈለግ ቀላል ነው። የሚያስፈልገው ግን ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ የሚያይ፣ በክረምት ሌሊትና ቀን የሚሠራ፣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው። የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ በመብራት ዓይን፣ የስኳሩ እርሻ በመስኖ ዓይን ብቻ እያየ በሩን ከያዘ፣ የታችኛው ሰው ደኅንነት የማንም የመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

ደንብ ለምን ተጽፎ ለሕዝብ መታወቅ እንዳለበት የአውስትራሊያ ታሪክ ጥሩ ያስረዳል። ከብሪዝበን ከተማ በላይ ያለው የዋይቨንሆ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1974ቱ ጎርፍ በኋላ ተሠርቶ በ1984 ተጠናቀቀ። ከመጠጥ ውሃው ደረጃ በላይ ለጎርፍ ብቻ ተብሎ የተተወ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ግን ዝናቡ በርትቶ ከተማዋ በውሃ ተጥለቀለቀች። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ግድቡ የተያዘበትን መንገድ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 መሐንዲሶቹ ቸልተኞች ነበሩ ተብሎ ተፈረደ፤ በ2021 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በግድቡ አስተዳዳሪ ድርጅት ላይ የተሰጠውን ውሳኔ ሻረ። ማን ረታ የሚለውን እንተወውና አንድ ነገር እናስተውል፤ ውሃው እንዴት መለቀቅ እንዳለበት የሚናገር የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ነበር። ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፉ ሕዝቡ እንዲጠይቅ አስቻለው፤ መሐንዲሱንም መከላከያ ሰጠው። ደንብ በሌለበት ግን ሕዝቡ የሚጠይቀው አያገኝም፤ መሐንዲሱም የሚያሳየው የለውም።

ግድብ የሌለው ጎርፍ

ድሬዳዋም በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ናት። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ቀዚራና መጋላ ብሎ ይከፍላታል። በአብዛኛው የዓመቱ ቀናት ደቻቱ ወንዝ አይመስልም፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል፤ ከዳሩም ቤት ይሠራበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው የጣለው ዝናብ በአንዴ ወረደ። ሰዎች በተኙበት ደራሽ ጎርፉ ቤታቸውን ወሰደው፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። በዚያው ክረምት ኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ሁለቱ አደጋዎች በባሕርያቸው ይለያያሉ። ኦሞ ቀስ ብሎ የሚሞላ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ከላይ የሚለካ ካለ ቀናት ቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻላል። ደቻቱ ግን ደራሽ ነው፤ በደጋው ከዘነበበት ሰዓት እስከ ከተማው እስኪደርስ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ለደራሽ ጎርፍ ዋናው መድኃኒት ሰውን ከወንዙ መንገድ ማውጣት ነው። ከአደጋው በኋላ በድሬዳዋ የመከላከያ ግንብና ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ካብ) ተሠራ፤ ቅድመ ማስጠንቀቂያም ተጀመረ። ግንብ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ የሚያውቀው ሌላ እውነት ደግሞ አለ፤ ግንቡ ሲቆም ሰው ይደፍራል። ትናንት የፈራው ቦታ ላይ ዛሬ ቤት ይሠራል፤ ግንቡ ከተሰበረ ወይም ከተዘለለ የሚጎዳው ሰው ከበፊቱ ይበዛል። ስለዚህ ከግንቡ ጋር እዚህ ቤት መሥራት ክልክል ነው የሚል የመሬት አስተዳደር ውሳኔ አብሮ ካልቆመ ግንቡ ግማሽ ሥራ ነው።

ዝናብ ያላመጣው ውሃ

መተሐራን ያለፈ ሰው ሁሉ በሰቃ ሐይቅን ያውቃል፤ መንገዱ በመካከሉ ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሐይቁ ስፋት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬትና የእርሻ መሬት ዋጠ፤ የአውራ ጎዳናውና የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ግርጌ በአፈር ከፍ እንዲል አስገደደ። ከአካባቢው መስኖ ወደ መሬት የሚሰርገው ውሃና የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ማለት በሙያተኞች ከዋና ዋና ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ።

መሐንዲሱ የገጠመው ችግር ቀላል አይደለም። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ፍሎራይዱም ብዙ ነው። ካልቀነሰ ከተማውንና መንገዱን ይውጣል፤ በአንዴ ወደ አዋሽ ከተለቀቀ ደግሞ በታች ያለውን የመስኖ መሬት ጨው ያለብሳል፤ ሰውና ከብት የሚጠጡትንም ያበላሻል። የተመረጠው መንገድ በተቆፈረ ቦይ ትንሽ ትንሽ እየለኩ፣ አዋሽ ሊያቀጥነው በሚችለው መጠን ብቻ መልቀቅ ነው። አዋሽ ሲበዛ ጨመር፣ አዋሽ ሲቀንስ ቀነስ። ይህ ሥራ በአንድ ምረቃ የሚያልቅ አይደለም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። በየቀኑ ጨውና ፍሰት የሚለካ ትጉህ ሠራተኛ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። በአዋሽ ላይ ያለው የምሕንድስና ሥራ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ይህን ስናውቅ ለሠራተኛው ያለን ክብርም፣ ከእሱ የምንጠብቀውም ይጨምራል።

ለውሃው ቦታ መተው

ጎርፍ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። የበቾ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ መረሬው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆይና ገበሬው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። አፋር ላይ አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶ ሲመለስ ሣር ይበቅላል፤ አርብቶ አደሩ ቆላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት ከብቱን የሚያወርደው ወደዚያ ሣር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህ የበጋ ግጦሽ ሰፊ ክፍሉ ለጥጥና ለሸንኮራ ተከለለ፤ ወንዙም በቦይና ዳይክ በሚባለው የአፈር ክትር ጠበበ። አርብቶ አደሩ ሣሩን አጣ፤ ጎርፉ ግን አልቀረለትም። ይህን ግፍ ያላየ የጎርፍ ዕቅድ ትክክለኛ ዕቅድ አይሆንም።

ገዋኔ አጠገብ ያለው የገደባሳ ረግረግም ለጎርፍ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ከላይ በጉልበት የሚመጣው ውሃ ረግረጉ ላይ ይሰፋና ጉልበቱ ይበርዳል፤ ወደ ዱብቲና አሳይታ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። ረግረግ ተጠንፍፎ እርሻ ሲሆን፣ በቾ በዳይክ ሲታጠር፣ ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ያጣና ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። አንዱ ባለ እርሻ ራሱን በዳይክ ሲያጥር ጎረቤቱ ላይ ውሃ እንደሚልክ ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ ዳይክ የት ይሠራ፣ የት አይሠራ የሚለው ጥያቄ በየእርሻው ባለቤት ሳይሆን ተፋሰሱን በሙሉ በሚያየው መሥሪያ ቤት መወሰን ይኖርበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል

በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ፈረሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩ ግድቦች ነበሩ፤ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸውም ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። ጥገናው በጊዜው አልተደረገም።

የእኛ ቆቃ ከደርና ግድቦች በዕድሜ ይበልጣል። የአዲስ አበባን ውሃ የሚይዘው ገፈርሳ እ.ኤ.አ. ከ1944፣ ለገዳዲም ከ1970 ጀምሮ ያገለግላሉ፤ ከለገዳዲ በታች ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ዛሬ ብዙ ሕዝብ ይኖራል። ያረጀ ግድብ ሁሉ አደገኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ በየጊዜው የሚመረመር ያረጀ ግድብ ካልተመረመረ አዲስ ግድብ ይበልጣል። ክረምት ከመግባቱ በፊት የማስተንፈሻው በሮች ይከፈታሉ ይዘጋሉ ወይ ተብሎ ይሞከራል። በግድቡ ግርጌ የሚሰርገው ውሃ ጥርት ያለ ነው ወይስ አፈር ይዞ ይወጣል ተብሎ ይታያል። የግድቡ አካል ዝቅ ብሏል ወይ ተብሎ ይለካል። ይህ ሁሉ ከግድቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ገንዘብ ነው። ያገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ምን ይደረግ

ከተናገርኩት የሚከተለውን አጠቃልዬ ላቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ግድብ የተጻፈ የበር አከፋፈት ደንብ ይኑር፤ በሐምሌ ስንት ሜትር ላይ መቆም እንዳለበት፣ በነሐሴ ስንት ላይ፣ ከዚያ ካለፈ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚለቀቅ ይጻፍ። ደንቡም በአማርኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ ታትሞ በየወረዳው ይለጠፍ። ሕዝብ የማያውቀው ደንብ መሐንዲሱንም ሕዝቡንም አያድንም።

ሁለተኛ፣ ቆቃን፣ ከሰምንና ተንዳሆን በአንድ ላይ የሚያስተባብር፣ በክረምት የማያንቀላፋ፣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማዕከል ይጠናከር። መሥሪያ ቤቱ በየጥቂት ዓመቱ ስምና ተጠሪነት አይቀያየርበት። መሐንዲስ አንድን ወንዝ ለማወቅ ብዙ ክረምት ይፈጅበታል፤ ያወቀውን ይዞ ሲሄድ ወንዙ እንደገና እንግዳ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ሰው በሚያምነው መንገድ ይድረስ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን በሙሉ ይለዋወጣሉ፤ ሐሰት መናገር ነውር ነው። በዚህ መንገድ ወሬ በአጭር ጊዜ ሰፊ አገር ያዳርሳል። ቆቃ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ለጎሳ መሪዎችና ለወረዳው በዕለቱ በስልክ ከደረሰ ዳጉ ቀሪውን ይሠራል። በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን ቴሌቪዥን ለሌለው ሰው እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ ለወንዙ የሚተወው መሬት ይከለል። ደቻቱ ዳር፣ አቃቂ ዳር፣ በመካከለኛው አዋሽ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ቋሚ ሰፈራ እንዳይፈቀድ፤ ቀድሞ የሰፈረውም ተገቢውን ካሣና ምትክ ቦታ አግኝቶ እንዲነሳ ይደረግ። ሜዳው ለግጦሽና ውሃው ሲሸሽ ለሚዘራ እህል ይዋል።

አምስተኛ፣ ደጋው ላይ አፈር ይያዝ፤ ወንዝ ዳር መለኪያውን የሚያነበው ሰው በወቅቱ ይከፈለው፤ የግድቦች ምርመራ ውጤት በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

እናንተ ወጣት ተማሪዎች፣ አንዳንዶቻችሁ የውሃ መሐንዲስ ትሆናላችሁ። በሥራችሁ ላይ ወቀሳ ይበዛል፤ ምስጋና ያንሳል። ጎርፍ ሳይጎዳ ባለፈበት ዓመት ማንም ስማችሁን አያነሳም። እናንተ ግን በየቀኑ መዝግቡ፤ ደንቡን ጠብቁ፤ ሥጋታችሁን በጽሑፍ ለአለቆቻችሁ አቅርቡ፤ ታች ያለውን ሰው ሳታስጠነቅቁ በር አትክፈቱ። እኛ ዜጎች ደግሞ ከመሐንዲሱ የምንጠይቀውን ያህል ለሥራው የሚያስፈልገውን እንስጠው፤ መለኪያ፣ በጀት፣ ሥልጣንና የተጻፈ ደንብ። ለክረምቱ ዝግጅት የሚደረገው በበጋ ነው፤ ጥያቄያችንንም ለሚመለከታቸው ባለ ሥልጣናት የምናቀርበው ከሐምሌ በፊት፣ ገና በበጋ ይሁን።